ሳይበርድ አይፈታም

አሮጊቷ ፒፓውን ያመጡት በነጭ መሐረብ ቋጥረው ነው። የመርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ አኖሩትና ቋጠሮውን ሳይፈቱ ሁለት እጃቸውን ደረቡበት።

«ባሌ ራሱን አልገደለም» አሉ።

መርማሪዋ በጉንጯ የያዘችውን ቅርንፉድ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። ጥርሷ መጠዝጠዝ ከጀመራት ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሬሳ አገላብጣ የምታይ ሴት የጥርስ ሐኪም ወንበር ትፈራለች መባሉ ለባልደረቦቿ የሻይ ሰዓት ጨዋታ ሆኗል። ሲጠሯት «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን ሁሉ አሳልፋ ጠጠሩን ስለምታስቀር።

«እትዬ፣ ፋይሉን አንብቤዋለሁ» አለች። «እሑድ ከሰዓት ባለቤትዎ ሥራ ክፍላቸው ውስጥ ወንበር ላይ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ነበር። የልጅ ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ሰው መሆን አቅቷቸው እንደነበር ጎረቤቱ ሁሉ ተናግሯል። ባልደረባዬም ራሳቸውን አጠፉ ብሎ ጽፎ ዘግቶታል።»

«ጽፏል፤ እጁን ይባርከው። እኔ ግን አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ‹መጣሁ› ሳይለኝ በሩን አልፎ አያውቅም። ያ ሰው ለዘላለሙ ሲሄድ ዝም ብሎኝ ይሄዳል? ጥሎኝ ሄዶ ከሆነ ልወቀው። ሰው ወስዶብኝ ከሆነም ልወቀው። ከእንግዲህ የምለምነው ሌላ ነገር የለኝም።»

«ይሄስ ምንድን ነው?»

ቋጠሮውን ፈቱት። ውስጡ ለሁለት የተለያየ አሮጌ ፒፓ ነበር፤ ትምባሆ የሚሞላበት የእንጨት ራስ ከነአንገቱ ለብቻው፣ አፍ ውስጥ የሚገባው ጥቁር የጎማ ዘንግ ለብቻው። ዘንጉ በሚሰካበት የእንጨት አንገት ላይ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዳለች።

«እሑድ ጠዋት አቧራ ስጠርግ ይህ ስንጥቅ አልነበረም» አሉ አሮጊቷ። «ትኩስ ፒፓ ስትፈቺ ነው እንዲህ የሚሆነው። እንጨቱ ሲግል ያብጥና ዘንጉን አንቆ ይይዘዋል። በዚያ ሰዓት ካጠማዘዝሽው አንገቱ ይሰነጠቃል። እሱ ይህን ለሰው ሁሉ ሲሰብክ ነው የኖረው። ‹ሳይበርድ አይፈታም› ይላል። ሠፈርተኛው ‹ጋሽ ቀስ› ያለው በከንቱ መሰለሽ? የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ አንድ ቡሎን አስገድዶ ፈትቶ አያውቅም።»

«ሊሞት የቆረጠ ሰው ስለ ፒፓ አይጨነቅ ይሆናል።»

«ሊሞት የቆረጠ ሰው ፒፓውን ምን ሊያደርግ ይፈታዋል?»

መርማሪዋ አሮጊቷን እስከ በሩ ሸኘቻቸውና ሬሳውን ለመረመረው ሐኪም ደወለች።

«መርዙ ሆዳቸው ውስጥ አለ?»

«የለም። ያለው ምላሳቸውና ጉሮሯቸው ላይ ነው፤ ወደ ሳንባም ወርዷል። ለባልደረባሽ ነግሬው ነበር፤ ‹ያው መርዝ መርዝ ነው› አለኝ።»

«ሌላስ የሚታይ ነገር?»

«ከመርዙ ጋር የሚገናኝ የለም። የዕድሜ ነገር ነው። የግራ የላይኛው ክራንቻቸው ጫፍ ተሰብሯል፤ ስብራቱ የቆየ ነው።»

መርማሪዋ ሁለቱንም ጻፈች። ከዚያ ስለ ጥርስ በመወራቱ ብቻ የራሷ ጥርስ ባሰባት።

የጋሽ ቀስ ሥራ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጎን የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ቆሞ የሚቀርባት ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቷ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ወረቀቱ ከሻካራው እስከ ለስላሳው በተራ ተደርድሯል። አጠገቡ አልኮል፣ የወይራ ዘይት፣ በጠርሙስ የተቀመጠ የከሰል ዱቄትና ጥጥ የለበሱ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ግድግዳው ላይ ሰዎች ለጥገና ያመጧቸው የፒፓ ዘንጎች በክር ተንጠልጥለዋል። ከፊሎቹ ፀሐይና ምራቅ ጎማቸውን አበላሽቶት ወደ ቡናማ የዞሩ ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ በውሃ ተፍቀው፣ ዘይት ጠጥተው እንደ አዲስ ጠቁረዋል። ሁሉም የባለቤቱን መጠሪያ የያዘች ወረቀት አንገታቸው ላይ ታስራባቸዋለች። ሠሪው ግን የለም፤ ክፍሉም ይህን ገና የሰማ አይመስልም ነበር።

«ፒፓው እንዴት ሆኖ ነው የተገኘው?» አለች መርማሪዋ።

አሮጊቷ አሳዩአት። «ራሱ እዚህ። ዘንጉ ደግሞ እዚህ፣ በሁለት የክብሪት እንጨት ላይ ተጋድሞ፣ ዘይት ተቀብቶ። እሱ እንዲህ ነው የሚያስተኛው፤ ጠረጴዛው ዘይቱን እንዳይጠጣበት። ባልደረባሽ ‹ሲወለውሉ ቆይተው ጠጡት› አለኝ።»

መርማሪዋ ዘንጉን ወደ ብርሃኑ አዙራ በቀዳዳው አየች። ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነው፤ የአልኮል ሽታ አለው። ከዚያ የእንጨቱን አንገት አየች። ውስጡ በጥቁር ዝፍት ተለስኗል።

«ባለቤትዎ የአንድ ዕቃ ግማሹን አጥበው ግማሹን የሚተዉ ሰው ነበሩ?»

«እሱ? ማንኪያ ሲያጥብ እንኳ እጀታውን ለብቻው ነው።»

መርማሪዋ አጉሊ መነጽሯን አወጣች። በዘንጉ አፍ ላይ የላይ ጥርስ ያረፈባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው ጠርዙ የጎደለ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ። ሁለቱም የተጫኑት ከቀረው ጎማ ትንሽ በሚያብረቀርቅ ቦታ ላይ ነው።

«እዚህ ጋ ተጠግኗል?»

አሮጊቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ባላቸው የሞቱበት ወንበር መሆኑን ያስታወሱት ከተቀመጡ በኋላ ቢሆንም አልተነሱም።

«ከሦስት ዓመት በፊት ነው» አሉ። «ልጄ ያኔ ከነልጇ እዚሁ ነበረች። ሕፃኗን አስም ያዛት። ሐኪሙ ‹በዚህ ቤት የጭስ ክር እንዳይታይ› አለ። እሱ የዚያኑ ቀን ፒፓዎቹን ሁሉ ለወዳጁ ለፋርማሲስቱ ሰጠ። ይህችን ብቻ የአባቱ ስለሆነች አስቀረ። ‹ከእንግዲህ በአፌ አትገባም› ብሎ ለልጄ ቃል ገባላት። ልጄ ደግሞ ዘንጉን ተቀብላ ንክሻውን በሱፐር ግሉና በከሰል ዱቄት ሞላችው፣ ፍቃ አለሰለሰችው፣ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ‹ይኸው አዲስ ሆኗል፤ ጥርስ እንዳይነካው› አለችው። እጇ የሱ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ያሳደጋት።»

«ሕፃኗስ?»

«በዓመቱ ሞተች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ልጄ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ማደር አልቻለችም፤ ክፍል ተከራይታ ወጣች። እሑድ እሑድ ትመጣለች።»

«እሳቸው እንደገና ማጨስ የጀመሩት መቼ ነው?»

አሮጊቷ ወደ ግድግዳው አዩ። «ከቀብሯ በኋላ ሽታው ሲመጣ ሰማሁ። ዝም አልኩት። ከእንግዲህ ማንን ሊጎዳ?»

እሑድ ዕለት ከሟች ሌላ ቤቱ ውስጥ የነበሩት አራት ናቸው። አሮጊቷና ፋርማሲስቱ ሳሎን ውስጥ ካርታ ይጫወቱ ነበር። የሟች ወንድም አትክልት ቦታው ላይ ነበር። ልጅየዋ ወጥ ቤት ውስጥ የምሳ ዕቃ ታጥብ ነበር። ወንድምየው አንዴ ውሃ ሊጠጣ ገብቷል፤ ፋርማሲስቱ አንዴ ሽንት ቤት ሄዷል። አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ሲቀዳ ልጅየዋ «አባዬን ልጥራ» ብላ ሄደች። ሞቶ ያገኘችው እሷ ናት።

ወንድምየው ከጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖር፣ ከሟች በሰባት ዓመት የሚያንስ ሽማግሌ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ጽጌረዳ ይኮተኩት ነበር፤ መኮትኮቻው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«መድኃኒቱ የኔ ነው» አላት ሳትጠይቀው። «ለአበባዬ ነው የገዛሁት። ማሰር ከሆነ የመጣሽበት ጫማዬን ልቀይር።»

«ጠርሙሱ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«እዚያ፣ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ። ማንም ያነሳዋል። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ ነው የተገኘው አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን መርዝ ጠጥቶ ክዳን አይከድንም፤ የኔ ወንድም ግን ይከድናል። ሞትም ቢመጣበት ‹ቆይ፣ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው› የሚል ሰው ነው።» ሊስቅ ጀመረና ሳቁ ሳል ሆነበት።

«እጅዎን ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያንቀጠቅጥዎ?»

«አምስት ዓመት አለፈው። ቁልፍ ከቀዳዳው ጋር የሚያገናኝልኝ ሰው እለምናለሁ።»

«በቅርቡ ከወትሮው የተለየ ነገር አላዩም?»

ሽማግሌው አሰበ። «የዛሬ ሦስት ሳምንት የወንድሜ ልጅ መጥታ ነበር። የልጇ የፀጉር ማስያዣ ከሥራ ክፍሉ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ ብላ ፍለጋ ገባች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ‹አገኘሽው?› አልኳት። ‹አገኘሁ› አለችኝ። እጇ ግን ባዶ ነበር።»

ፋርማሲስቱ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ከደንበኛው ጋር ሁሉ ዘመድ የሚሆን ሰው ነው። መርማሪዋ ጥያቄዋን ሳትጀምር ጉንጯን አየና ከመደርደሪያው ማስታገሻ አወረደ።

«ይቺን ዋጪ። ቅርንፉድ ለወጥ ነው። ጥርስ የናቁት እንደሆነ ጠላት ነው፤ ጋሼም እንዲሁ ንቆት...» ድምፁ ወረደ። «ጋሼም እንዲሁ ከዚህ ነበር የሚወስደው።»

«ጥርሳቸውን ያማቸው ነበር?»

«ሰብሮት ነው እንጂ። የሕፃኗ ቀብር ላይ። ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ ‹ቻለው፣ ወንድ አይደለህ? ጥርስህን ነክሰህ ቻለው› ይለው ነበር። ነክሶ ቻለው። አፈሩ ሲመለስ ቀጭ ሲል እኔ ሁሉ ሰምቻለሁ። በማግስቱ መጥቶ ‹ለልጄ እንዳትነግራት፣ የሷ ይበቃታል› አለኝ። ደግሞስ ማን ያይበታል? ጺሙ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስቆ አያውቅም።»

መርማሪዋ ክኒኑን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«እሳቸው የሰጡዎትን ፒፓዎች ራስዎ ነበሩ የሚያጸዱት?»

«እኔ? እኔማ አጭሼ አጭሼ ሲዘጋ ወደሱ እወስዳለሁ። አንዴ በራሴ ልፍታ ብዬ ወደ ቀኝ መዞሩን ሳላውቅ ወደ ግራ ጠምዝዤ ሰበርኩት። ‹የምትፈታ ሰው አይደለህም፤ የምትታሰር ነህ› ብሎ አንድ ሳምንት ሳቀብኝ። ያኔ ይስቅ ነበር።»

ልጅየዋ መነጽር ሠሪ ናት። ሱቋ ከአንድ ደረጃ ሥር ያለች፣ አንድ መብራት የሚበቃት ናት። መርማሪዋ ስትገባ የመነጽር እጀታ እያጠበቀች ነበርና «አንድ ጊዜ» አለቻት ቀና ሳትል። ብሎኗን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ አዞረች፣ ጠብታ ዘይት ጣለችባት፣ በአውራ ጣቷ ጠረገች። ከዚያ ሳታየው እጇን ወደ ክብሪቱ ሰዳ ሁለት እንጨት አወጣችና ጎን ለጎን አስቀምጣ መነጽሩን በላያቸው አስተኛች።

መርማሪዋ ሁለቱን የክብሪት እንጨቶች ረጅም ጊዜ አየች።

«እናትሽ አባትሽ ራሳቸውን አልገደሉም ይላሉ» አለች።

«እማዬ ማመን አቅቷት ነው። ሰው የማያምነውን ነገር ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ነው የሚጠይቀው። እኔም ልጄ ስትሞት ሐኪሙን አሥር ጊዜ ጠይቄዋለሁ።»

«ምን አለሽ? ሐኪሙ።»

«‹ሳንባዋ ደክሞ ነበር› አለኝ። ማን እንዳደከመው ግን አልነገረኝም።»

ከግድግዳው ላይ የአንዲት ጥርሰ ፍንጭት ሕፃን ፎቶ ወደ ሁለቱም ይስቅ ነበር። መርማሪዋ የእናትየዋን ቅንድብ በሕፃኗ ፊት ላይ አወቀችው። ከሱቁ ስትወጣ ነገሩ አልቆላት ነበር፤ ሆኖም እንደ ተሸነፈ ሰው ሁለት ፌርማታ በእግሯ ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት አራቱም በሳሎኑ ተሰበሰቡ። አሮጊቷ ልማድ ሆኖባቸው ሻይ ቀድተዋል። መርማሪዋ ፒፓውን ከነመሐረቡ ጠረጴዛው መሐል አኖረችው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ የጠየቁኝን ልመልስልዎ ነው የመጣሁት» አለች። «ባለቤትዎ ጥለውዎት አልሄዱም።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከእሑድ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ወረደ።

«መርዝ የሚጠጣ ሰው ይውጠዋል። የሳቸው ሆድ ውስጥ ግን ምንም የለም። መርዙ ምላስ፣ ጉሮሮና ሳንባ ላይ ያረፈው ከጭስ ጋር በዘንጉ ስለገባ ነው። ከምሳ በኋላ ፒፓቸውን እንደሚለኩሱ ያወቀ ሰው አስቀድሞ የዘንጉን ቀዳዳ አርሶታል። ሲሞቱም ገብቶ ዘንጉን ፈታ፤ በአልኮልና በሽቦ አጸዳው። ጠርሙሱንም አምጥቶ አጠገባቸው አኖረ፣ ጠጡት እንዲባል።»

«ማጽዳትማ ወንድሜም ያጸዳል» አለ ወንድምየው።

«እሳቸው ቢሆኑ እንጨቱንም ያጸዱ ነበር። ይህ ሰው ያጸዳው መርዙ ያለበትን ብቻ ነው። እሳቸው ቢሆኑ እስኪበርድ ይጠብቁ ነበር። ይህ ሰው ግን ጊዜ አልነበረውም፤ አንገቱም ተሰነጠቀ። እትዬ ይህን ስንጥቅ ባያሳዩኝ ኖሮ ፋይሉ ተዘግቶ ይቀር ነበር።»

«እንግዲያው ሕጉን የማያውቅ ሰው ነዋ» አለ ፋርማሲስቱ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ፈልቆ። «እንደኔ ያለ ማለት ነው።»

«እኔም በመጀመሪያ እንዲያ ነበር ያልኩት። ግን ሰውየው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አንድ የማያስፈልገውን ነገር አደረገ። ዘንጉን ዘይት ቀብቶ በሁለት የክብሪት እንጨት ላይ አስተኛው። ልብ ሲቸኩል እጅ የለመደውን ይሠራል። እርስዎ ፒፓ ወደየት እንደሚዞር እንኳ አያውቁም። ወንድማቸውም በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሽቦ በቀዳዳ ማሳለፍ አይችሉም። እትዬ ፒፓ ነክተው አያውቁም፤ ቢነኩ ኖሮስ ስንጥቁን ይዘው ወደኔ ለምን ይመጣሉ?» ወደ ልጅየዋ ዞረች። «ማክሰኞ ሱቅሽ ውስጥ መነጽር ስታስተኚ አየሁሽ። እናትሽን ደግሞ ‹ልጅዎ አባቷን ልትጠራ ሄዳ ምን ያህል ቆየች?› ብዬ ጠየቅኋቸው። ሻዩ በርዶ እንደነበር ነገሩኝ። ሻዩ እስኪበርድ ቆይተሽ ፒፓው እስኪበርድ ግን አልጠበቅሽም።»

አሮጊቷ ብርጭቋቸውን ሊያኖሩ ጠረጴዛውን ሳቱትና ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«ውሸት ነው በያት» አሉ። «ልጄ፣ ውሸት ነው በያት እንጂ።»

«እውነት ነው እማዬ» አለች ልጅየዋ። ድምፏ ደረቅ ነበር። «ልጄ እየታፈነች ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ያጨስ ነበር። በእጄ የሞላሁት ዘንግ ነው። ሳጥኑን ስከፍተው ተነክሷል፤ በግራ በኩል፣ እንደ ድሮው። የሱን ንክሻ የማላውቅ መሰላችሁ? ደግሞም ጠየቅሁት። ‹አባዬ፣ ቃልህንስ?› አልኩት። ራሱን ደፍቶ ‹በላሁት፣ ልጄ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠይቅ? እሑድ ዕቃ እያጠብኩ የሱ ሳል ተሰማኝ። ቧንቧውን ዘጋሁና አዳመጥኩት። የሷን ሳል አሥር ወር ሙሉ አዳምጬ የለ?»

መርማሪዋ በዚህ ላይ የጨመረችው የለም፤ የቀራትን ሆን ብላ አስቀርታዋለች። ወንፊት ጠጠር ጥላ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ልትጥል ፈልጋ ነበር። ለፖሊሱ ምልክት ልትሰጥ እጇን ስታነሳ ፋርማሲስቱ ዘንጉን ከመሐረቡ ላይ አንስቶ ወደ ዓይኑ አቅርቦት ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያየውን ሳይናገር መቆየት የማይችል ብቻ ነው።

«ይቺ እኮ የተሰበረችው ጥርሱ ናት» አለ። «ይኸው፣ ጫፏ የለችም። ማስታገሻውን የሰጠሁት እኔ አይደለሁ? ከቀብሩ ማግስት...»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ዋናው ግን ወጥቷል።

«የምን ጥርስ?» አለች ልጅየዋ።

ወንድምየው የሚንቀጠቀጡ እጆቹን በጉልበቶቹ መሐል ቀበረ። «እኔ ነኝ ቻለው ያልኩት» አለ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ነኝ ጥርስህን ንከስ ያልኩት።»

«እማዬ፣ የምን ጥርስ?»

«ቀብሯ ላይ ነው የሰበረው» አሉ አሮጊቷ። «አንቺ ራስሽን ስተሽ ተሸክመውሽ ነበር፣ አላየሽም። እንዳይነገርሽም ለመነን።»

«ከዚያ በፊት ጥርሱ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር፣ ልጄ።»

«ዘንጉን የሚነክስባቸው ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ልጅሽ በሕይወት በነበረችበት ዓመት የጭስ ሽታ በዚህ ቤት አልሸተተኝም። የጀመረው ከቀብሯ በኋላ ነው። ለማን ብሎ ይተው?»

ልጅየዋ እጇን ዘረጋች። ፋርማሲስቱ ዘንጉን ሰጣት፤ መርማሪዋም አልከለከለችም። አውራ ጣቷን በጎማው ላይ አስኬደች፤ ከሙሉው ጉድጓድ አለፈች፣ ግማሹ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ መለሰችና እንደገና አስኬደችው። በላሁት ያላት አባቷ ቃሉን የበላው ልጇ ከተቀበረች በኋላ መሆኑ አሁን ገባት፤ የሚነግራትም የሚሰማትም በሌለበት ሰዓት።

ዘንጉን ልታስቀምጥ ስትል ሌላው እጇ ጠረጴዛው ላይ ክብሪት ፈለገ። አልነበረም። መሐረቡ ላይ ጣለችውና ተነሳች።

በሩ ላይ ስትደርስ እናትየው ከኋላዋ ሄደው የሹራቧን ኮሌታ አስተካከሉላት። እሷ ፊቷን አላዞረችም። ፖሊሱ በሩን ከፈተ፤ የሚቀጥለው ድምፅ የመኪናው ነበር።

ወንድምየውና ፋርማሲስቱ ሲወጡ መርማሪዋ ወረቀቷን አዘጋጀች። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ሻዩና ስለ ክብሪት እንጨቶቹ አሮጊቷ የሰጡት ቃል በሦስት ገጽ ተጽፏል። ያለ እሳቸው ፊርማ አይጸናም። እስክሪብቶውን አቀበለቻቸው።

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ እስክሪብቶውን እንደያዙ። «ያ የመጀመሪያው ወረቀት አለ? ባልደረባሽ የጻፈው?»

«አለ፣ እትዬ።»

«እሱን ብትመልሱልኝስ? ጥሎሽ ሄደ የሚለውን። አሁን እችለዋለሁ።»

መርማሪዋን ጥርሷ ከሁሉ ቀን በላይ ይጠዘጥዛት ነበር። ቅርንፉዱ አልቋል፤ ክኒኑንም እስካሁን አልዋጠችውም።

«አይቻልም፣ እትዬ» አለች።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሦስቱም ገጾች ላይ፣ ቀስ ብለው፣ ፈረሙ።